ልጆቼን እወዳለሁ፤ ግን አለቅኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች ብዙዎቹ የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ በማሳደግ መዛል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል፤ የጸሐፊዎቹን ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አስቀርተናል። መልሱን ያዘጋጁት ከወላጆች ጋር የሚሠሩ የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ናቸው።

ጥያቄ፦ የ6 እና የ3 ዓመት ልጆች እናት ነኝ። ባንክ እሠራለሁ። ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ተነስቼ ማታ 5 ሰዓት እተኛለሁ። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ከሥራ ስወጣ ወደ ቤት መሄድ ያስጠላኛል። ልጆቼ ሮጠው ሲያቅፉኝ ምንም አይሰማኝም፤ ቶሎ እንዲተኙልኝ ብቻ ነው የምመኘው። ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ለእህቴ ብነግራት «ስንቱ ልጅ አጥቶ ስለት ይሳላል፣ አንቺ…» አለችኝ። ምን ሆኜ ነው?
— እናት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ እህትዎ በክፋት የተናገረች አይመስለንም። ግን ልጅን መውደድ አንድ ነገር ነው፣ ልጅ ለማሳደግ የሚያስፈልገው አቅም ሌላ። አቅሙ ሲያልቅ ፍቅሩ አይጠፋም፤ የሚገለጥበት ጉልበት ነው የሚያጣው።

የጻፉልን ነገር «የወላጅነት መሟጠጥ» የሚባለውን በጣም ይመስላል፤ ውጭ አገር ያሉ አንባቢዎቻችን «በርንአውት» የሚሉት ነው። ቤልጅየም ውስጥ በሉቬን ካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩት ኢዛቤል ሮስካምና ሞይራ ሚኮላይቻክ ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት መለኪያ 23 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚመረምረውም አራት ነገር ነው። አንደኛው ከወላጅነት ሥራ ጋር የተያያዘ ድካም ነው፤ ጠዋት ዓይንዎን ሲገልጡ «ደግሞ ዛሬም» የሚያሰኘው። ሁለተኛው እርስዎ በራስዎ ቃል የጻፉት፣ «ድሮ እንዲህ አልነበርኩም» የሚለው። ሦስተኛው መሰልቸት፣ እናት ወይም አባት መሆኑ ራሱ መምረር። አራተኛው ከልጆቹ በስሜት መራቅ ነው፤ ይበላሉ፣ ይታጠባሉ፣ ይተኛሉ፣ ከዚያ ያለፈ የሚሰጥ ነገር የለም።

ሐኪም ቤት ሄደው ይህን ስም የያዘ ወረቀት ግን አይጠብቁ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባጸደቀው የበሽታዎች ዝርዝር መሟጠጥን የሚያነሳው ከመሥሪያ ቤት ሥራ ጋር ብቻ አያይዞ ነው፤ እሱንም በሽታ አይለውም። ይህ ማለት ግን ነገሩ በሐሳብ ብቻ ያለ ነው ማለት አይደለም። በቤልጅየም በተሟጠጡ ወላጆች ፀጉር ላይ በተደረገ ምርመራ፣ ኮርቲሶል የሚባለው የጭንቀት ሆርሞን ከሌሎች ወላጆች እጥፍ ደርሶ ተገኝቷል።

ከድባቴ የሚለይበትን ቤትዎ ሆነው መገመት ይችላሉ። ድባቴ ላይ ያለ ሰው የትም ቢሄድ ደስታው አብሮት አይሄድም። የተሟጠጠ ወላጅ ግን ቢሮ ከባልደረቦቹ ጋር ሲስቅ ውሎ የቤቱ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ነው ፊቱ የሚጠፋው። ሁለቱ አብረው ሊመጡም ይችላሉ፤ መሟጠጡ ሲቆይ ወደ ድባቴ የሚወስዳቸውም አሉ። በመንገድዎ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ያድርጉ። ሁለቱም ሰውን ያዝላሉ፣ ሁለቱም መድኃኒት አላቸው፤ የሰውነት ድካምን በምክር ለማስታገስ መሞከር ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው።

አሁን ወደ ሥራው። እነዚያው ተመራማሪዎች ጉዳዩን በሚዛን ይመስሉታል፤ በአንድ በኩል የሚጫንብዎት፣ በሌላው በኩል የሚያግዝዎት። ሰው ሁሉ የሚመክርዎት በሚያግዘው በኩል እንዲጨምሩ ነው፤ ስቲም ግቢ፣ ከጓደኞችሽ ጋር ውጪ፣ ስፖርት ጀምሪ። እኛ ከሚጫነው በኩል መጀመርን እንመርጣለን። ላለቀ ሰው መዝናናትም ሌላ ቀጠሮ ነው።

አንድ ደብተር ይያዙና ለ7 ቀን፣ ከመተኛትዎ በፊት 5 ደቂቃ ብቻ፣ በዕለቱ ለልጆቹ ያደረጉትን ይጻፉ። «ልጆቹን አዘጋጀሁ» ብለው በጅምላ አይጻፉ። ካልሲ ፈለግኩ፣ ዩኒፎርም ተኮስኩ፣ ምሳ ዕቃ ሞላሁ፣ ኮሙኒኬሽን ቡክ ፈረምኩ፣ የክፍሉን ቴሌግራም አነበብኩ፣ የትንሿን ሹሩባ ፈታሁ፤ እንዲህ አንድ በአንድ። በእያንዳንዱ ጎን ከ0 እስከ 3 ቁጥር ያስቀምጡ፤ 0 ምንም አላደከመኝም፣ 3 አሟጠጠኝ። በ8ኛው ቀን 3 ያገኙትን ብቻ አውጥተው ሦስት ጥያቄ ይጠይቋቸው፦ ባይሠራ ምን ይሆናል? ሌላ ማን ሊሠራው ይችላል? የግድ በዚህ መልኩ መሠራት አለበት? ከዚያ ሦስት ነገር ይቀንሱ። አሥር አይደለም፣ ሦስት።

በብዙ ቤት 3 የሚያገኘው የማታ የቤት ሥራ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ አንድ ገጽ ለመጻፍ አንድ ሰዓት ተኩል ሲፈጅ እናቱ ከጎኑ ተቀምጣ ላጲስ ታቀብላለች፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱም ያለቅሳሉ። ስልክዎ ላይ 20 ደቂቃ ይሙሉ። ሲጮህ ደብተሩ ይዘጋል፤ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ላይ «20 ደቂቃ ሠርቶ ተኝቷል» ብለው ይፈርሙ። አስተማሪዋ ከጠየቀች አጭር መልስ ይበቃል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቅ የለም። ሌላው ካውያ ነው። ዩኒፎርሙን እሑድ በአንድ ጊዜ መተኮስ ይቻላል፤ ደግሞስ ከሹራብ ስር የሚውል ሸሚዝ የሚተኮሰው ለማን ነው?

ሁለት ቦታ ላይ ይበላሻል። አንደኛ፣ የተረፈው ግማሽ ሰዓት ሳያውቁት በሌላ ሥራ ይሞላል፤ ስለዚህ ለምን እንደሚውል አስቀድመው ይወስኑ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ለእንቅልፍ ይስጡት። ሁለተኛ፣ በመጀመሪያው ሳምንት የጥፋተኝነት ስሜቱ ይጨምራል። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ የቆየ ልማድ ሲነካ የሚመጣ እንጂ ያጠፉት ነገር ስላለ አይደለም።

ልጆቹ ሲያቅፉዎት የሚሰማዎት ባዶነት ላይ የምንሠራው ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ ነው። በቀን 10 ደቂቃ፣ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻ፣ ስልኩ ሌላ ክፍል ተቀምጦ፣ ልጁ የመረጠውን ጨዋታ ይጫወቱ። በነዚያ 10 ደቂቃዎች ማስተማር፣ ማረም፣ «ይሄ ምን ቀለም ነው?» ብሎ መጠየቅ የለም። ቀድሞ ከተጀመረ ግን ይህም ሌላ ግዴታ ሆኖ ያርፋል፤ ለዚህ ነው ቅደም ተከተሉን የምናጠብቀው።

ጥያቄ፦ ሌሊት ኡበር እነዳለሁ፣ ባለቤቴ ቀን ነርሲንግ ሆም ትሠራለች። ቀን ልጆቹን የምይዘው እኔ ነኝ። የ4 ዓመት ልጄ ላይ መጮህ አብዝቻለሁ፤ ባለፈው ሳምንት ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት፣ ፊቱን ሳየው ደነገጥኩ። እናታችን ስምንት ልጅ ስታሳድግ እንዲህ አልሆነችም። እኔ በሁለት ልጅ ምን ነካኝ?
— አባት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር። እናትዎ ስምንቱን ለብቻቸው አላሳደጉም። ጎረቤት ይቆጣ ነበር፣ አክስት ታበላ ነበር፣ ታላቅ ታናሹን ያዝል ነበር። በ42 አገሮች ከ17,000 በላይ ወላጆች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመ ጥናት መሟጠጥ በብዛት የታየው ሁሉም በየቤቱ ለራሱ በሚኖርባቸው ምዕራባውያን አገሮች መሆኑን አሳይቷል። ከልጆች ቁጥርም፣ ከዕድሜያቸውም፣ አብረዋቸው ከሚያሳልፉት ሰዓትም ይልቅ ልዩነቱን ያጎላው ይህ በግል የመኖር ባህል ነው። እርስዎ የያዙት የእናትዎን ሥራ ነው፤ የእናትዎን ሰፈር ግን አልያዙም።

ክንድ መጨምደዱን አቅልለን አናየውም፤ እርስዎም አላቀለሉትም። ልጁን ለመጉዳት ፈጽሞ የማይፈልግ ወላጅ እንኳ ሲሟጠጥ ወደ ቸልታና ወደ ኃይል እንደሚያዘነብል ጥናቶቹ በግልጽ ያሳያሉ። ስለዚህ በዚያች ደቂቃ የሚሠራ ነገር ያስፈልግዎታል።

ቁጣ ሳይናገር አይመጣም። የአንዱ ጆሮ ይግላል፣ ሌላው ጥርሱን ይነክሳል። ብዙ ወላጆች ላይ የሚታየው ምልክት ግን በድምፅ ነው፤ አንድን ትእዛዝ ለሦስተኛ ጊዜ መድገም። «አልኩህ እኮ!» ከአፍዎ ሲወጣ እዚያው ንግግር ያቁሙ። ልጁ አደጋ ላይ ካልሆነ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራቁ፤ በር አይዝጉ፣ እሱም ይይዎት። «አባዬ ተናዷል፤ ትንሽ ተንፍሶ ይመጣል» ይበሉት። ሳይናገሩ ከወጡ የ4 ዓመት ልጅ የሚረዳው ጥለውት እንደሄዱ ነው። ከዚያ በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ 6 እየቆጠሩ ያውጡ፣ አሥር ጊዜ። በአጠቃላይ 1 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ነው። የሚያረጋጋው የመውጫው መርዘም ነው፤ በጣም ጥልቅ አድርገው ከሳቡ ያዞርዎታል፣ ቀስ ያለ ይሁን።

ይህ «አልሠራልኝም» የሚሉ ሰዎች አብዛኞቹ ለመጀመሪያ ጊዜ የሞከሩት በንዴት መካከል ነው። ሰውነት ያልለመደውን በዚያ ሰዓት አይታዘዝም። መኪናዎን አቁመው ቤት ከመግባትዎ በፊት፣ በየቀኑ 5 ደቂቃ፣ በሰላሙ ጊዜ ይለማመዱት።

ሳይሳካ ቀርቶ ከጮሁ በዚያው ቀን ይጠግኑት። ተንበርክከው፣ ዓይኑ ትክክል ሆነው፦ «ጮህኩብህ፣ ክንድህንም አሳመምኩህ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያንተ አይደለም። ስናደድ ወጥቼ እተነፍሳለሁ።» እዚህ ላይ ያቁሙ። «ግን አንተም እኮ…» ከተከተለ ይቅርታው ክስ ሆኗል። አባት ልጁን ይቅርታ ከጠየቀ ይናቃል የሚለውን ስጋት እናውቀዋለን፤ ልጁ የሚማረው ግን ንቀትን ሳይሆን ሲያጠፋ ምን ማድረግ እንዳለበት ነው። እጅ መሰንዘሩ ከተደገመ ሦስተኛውን አይጠብቁ፤ ለልጁ ሐኪም ወይም ለራስዎ ሐኪም በግልጽ ይንገሩ።

ከሁሉ በላይ ግን እንቅልፍ። ሌሊት ሲነዳ አድሮ 4 ሰዓት ተኝቶ ቀን ልጅ የሚጠብቅ ሰው ላይ የትኛውም የሥነ ልቦና ዘዴ አይሠራም። በ24 ሰዓት ውስጥ 7 ሰዓት ይሙሉ፤ መከፋፈል ግድ ከሆነ 4 ተኩልና 2 ተኩል፣ ሰዓታቸው ሳይቀያየር። ያንን የሚያስችልዎ ደግሞ ሌላ ሰው ነው፤ እዚህ ላይ ዕቁብን እናስታውስዎ። ዕቁብ በዶላር ብቻ አይጣልም፤ በሰዓትም ይጣላል። ልጆቻቸው በዕድሜ የሚቀራረቡ አራት ቤተሰቦች ይሁኑ። በየቅዳሜው አንዱ ቤት ሁሉንም ልጆች 3 ሰዓት ይይዛል፤ ሦስቱ ቤቶች ያርፋሉ። በአራት ሳምንት አንዴ ተረኛ ይሆናሉ፣ ሦስት ጊዜ ያርፋሉ።

ቅድመ ሁኔታዎቹ፦ ልጆቹ በአንድ ጊዜ ከ7 አይብለጡ፣ ቤቱ ውስጥ ሁለት አዋቂ ይኑር፣ የምግብ አለርጂና የስልክ ቁጥር በወረቀት ይጻፍ። የሚያፈርሰው ይሉኝታ ነው። አንዱ ተራውን ያሳልፋል፣ ሌላው «ምን አለበት» እያለ ይሸከማል፣ በሁለተኛው ወር ሁሉም ይበተናል። ተራው ቴሌግራም ላይ ተጽፎ ይቀመጥ፤ ያሳለፈ በሚቀጥለው ሳምንት ይክፈል።

ጥያቄ፦ የ7 ዓመት ልጄ ኦቲዝም አለበት፤ አይናገርም። ሰው «የምን ቁጣ ነው» ይላል። ከቤት ከወጣሁ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ማረፍ ራሱ ኃጢአት ይመስለኛል።
— እናት፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ «ማረፍ ኃጢአት ነው» የሚለውን ሐሳብ እንደ እውነት ሳይሆን እንደ ሐሳብ ይያዙት። ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ ያስምሩ። በመጀመሪያው የሆነውን፦ «እህቴ ልጁን ልያዝልሽ አለች፣ እምቢ አልኩ።» በሁለተኛው ያኔ በልብዎ ያለፈውን ቃል በቃል፦ «ጥዬው ብሄድ ምን ዓይነት እናት ነኝ።» በሦስተኛው ደግሞ፣ ይህንኑ ጎረቤትዎ ብትነግርዎ የሚመልሱላትን። አብዛኛው ሰው ለጎረቤቱ የሚጽፈው ለራሱ ከሚናገረው በጣም ይለሰልሳል። ልምምዱ ያንን ሦስተኛውን ዓምድ ጮክ ብሎ ለራስ ማንበብ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ በአንዴ አንድ ሐሳብ ብቻ። መጀመሪያ ላይ ውሸት ይመስልዎታል፤ አፍ እስኪለምደው ነው።

የሰዎቹ ንግግር ግን በወረቀት ብቻ አይመለስም። ፊንላንድ ውስጥ በወላጆች ላይ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት «ፍጹም ወላጅ ሁን» የሚል ግፊት ከውጭ ሲመጣ፣ በኛ ቋንቋ «ሰው ምን ይለኛል» ሲሆን፣ ከመሟጠጥ ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ለየጠያቂው አዲስ ማብራሪያ መስጠት ያደክማል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሸምድዱ፦ «አእምሮው ሲፈጠር በሌላ መንገድ ያደገ ነው፤ ከማንም ጥፋት አልመጣም።» ከዚያ ወሬ ይቀይሩ። ኦቲዝም ቁጣ አይደለም፤ ከአስተዳደግም አይመጣም። ጸበል የሚወስዱት ከሆነ ይውሰዱት፤ ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ መድኃኒቱን አንድ ቀንም ማቋረጥ የለበትም።

ዕረፍቱን በትንሽ በትንሹ ይገንቡት። አንድ ሰው ይምረጡ፣ እህትዎን ለምሳሌ። ሦስት ነገር ብቻ ያስተምሯት፦ ሲረበሽ ምን እንደሚያረጋጋው፣ ምን እንደሚበላና እንደማይበላ፣ ምን ስታይ ወዲያው መጥራት እንዳለባት። በመጀመሪያው ሳምንት እርስዎ እዚያው ቤት ሌላ ክፍል ሆነው 15 ደቂቃ ትያዘው። በሁለተኛው 30 ደቂቃ፣ እርስዎ ግቢ ውስጥ። በሦስተኛው አንድ ሰዓት፣ ከቤት ውጭ። በመጀመሪያው ቀን ሦስት ሰዓት ጥለው የሚወጡ እናቶች ልጁ ሲያለቅስ ይመለሱና «አይቻልም» ብለው ይተዉታል።

የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት ችግር ላለባቸው ልጆች ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና 9 የቡድን ስብሰባዎችና 3 የቤት ጉብኝቶች አሉት፤ ኢትዮጵያ ውስጥም ተሞክሯል። የወላጁ የራሱ ደኅንነትም ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። በአቅራቢያዎ ካለው ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ወይም የሕፃናት ክፍል ስለ ሥልጠናው ይጠይቁ። አዲስ አበባ የሚመጡ ከሆነ፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ እ.ኤ.አ. በ2002 ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል አለ። ብዙ እናቶች ከትምህርቱ እኩል የሚጠቅማቸው የራሳቸውን ዓይነት ኑሮ የምትኖር ሌላ እናት እዚያ ማየታቸው ነው።

ጥያቄ፦ ሪያድ ነው የምሠራው። ልጆቼን እናቴ ደሴ ላይ ይዛልኛለች። በየቀኑ ስለ ልጆቹ ስጠይቃት ትቆጣኛለች። እኔም እዚህ በጸጸት ልሞት ነው።
— እናት

መልስ፦ እዚህ የተሟጠጠች ወላጅ ሁለት ናት፤ መጀመሪያ መታገዝ ያለባት ግን ልጆቹ ጋ ያለችው ነች። አያት የምታሳድገው ለሁለተኛ ጊዜ ነው፤ ጉልበቷ ግን እንደ መጀመሪያው አይደለም። ስትደውዪ የመጀመሪያዎቹን 5 ደቂቃዎች ስለሷ ጠይቂ፤ ስለ ወገቧ፣ ስለ እንቅልፏ። «በሉ? አጠኑ? ለምን አላጠኑም?» የሚለው ፈተና ነው የሚሆንባት። ከምትልኪው ገንዘብ ላይ ለልብስ አጣቢ ወይም በሳምንት ሁለት ቀን ለሚመጣ ሰው የሚሆነውን ለይተሽ፣ «ይሄ ለአጣቢ ነው» ብለሽ ላኪ፤ ካልተለየ ለልጆቹ ጫማ ይውላል። ከልጆቹ ጋር የምታወሪበት ቀንና ሰዓት የታወቀ ይሁን፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ በሰዓቱ የሚደወል ስልክ በየቀኑ ሳይታሰብ ከሚደወለው ይበልጥ ልጅን ያረጋጋል፣ ላንቺም ጸጸቱ የሚያርፍበት ቦታ ያገኛል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ በጣም ደክማለች። «ልርዳሽ» ስላት ትቆጣለች። ምን ልበላት?
— ባል፣ ከአዳማ

መልስ፦ ምንም አይበሉ፤ አንድ ሥራ ይውሰዱ። «ልርዳሽ» ማለት ሥራው ያንቺ ነው፣ እኔ ለዛሬ አግዛለሁ ማለት ነው። አንድ የቤት ሥራ ሦስት አካል አለው፦ እንደሚያስፈልግ ማስተዋል፣ ማቀድና መሥራት። ባሎች አብዛኛውን ጊዜ የሚወስዱት ሦስተኛውን ነው፤ የሚያሟጥጡት ግን የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ናቸው። ምሳ ዕቃን ይውሰዱ እንበል። ሥራው ዳቦ መቁረጥ ብቻ አይደለም፤ ሐሙስ ማታ ለዓርብ ዳቦ እንደሌለ ማወቅ፣ የትኛው ልጅ እንቁላል እንደሰለቸው ማስታወስ፣ ክዳኑ የተሰበረውን ዕቃ መቀየር ነው። ይህን ሁሉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይውሰዱት።

የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። እርስዎ «ክዳኑ የት ነው?» እያሉ ከጠሯት ማስተዋሉ ተመልሶ እሷው ላይ ወደቀ፤ ከመጠየቅዎ በፊት 3 ደቂቃ ይፈልጉ። እሷ ደግሞ «እንዲህ አይደለም» ብላ ከቀማችዎት እንደገና ተሸከመችው። ለሁለት ሳምንት ላለማረም ቃል ይግባቡ፤ ልጁ ዳቦ በሙዝ ይዞ ቢሄድም እንኳ።

በነገራችን ላይ፣ ልዩነቱ የሚጀምረው ገና በአራስነት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 የሥራ ቀን ፈቃድ ሲሰጥ ለአባት የሚሰጠው 3 ተከታታይ ቀን ነው። በአራተኛው ቀን አባት ሥራ ይገባል፤ እናት ደግሞ የልጁን ለቅሶ ዓይነት በዓይነት ትማራለች። ከአራት ወር በኋላ በአንድ ቤት አንድ ባለሙያና አንድ ተለማማጅ ይኖራሉ። ተለማማጁ ባለሙያ የሚሆነው ብቻውን ሲተው ነው፤ ቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ቀን ልጆቹን ለብቻዎ ይያዙ፣ እሷም ከቤት ትውጣ።

ጥያቄ፦ ሁሉን ጥዬ መጥፋት ያምረኛል። አንዳንዴ ባልነቃ ይሻለኛል እላለሁ።
— ስም ያልጠቀሰች አንባቢ

መልስ፦ ጥሎ የመጥፋት ሐሳብ በተሟጠጡ ወላጆች ዘንድ ብዙ ጊዜ ይታያል፤ ከሥራ መልቀቅ ይቻላል፣ ከልጅ ግን መልቀቂያ አይገባም፣ አእምሮ በር ሲያጣ በሐሳብ ይወጣል። ሐሳቡ ስለመጣ ብቻ ክፉ እናት አልሆንሽም። «ባልነቃ» የሚለው ግን ዛሬውኑ ለሰው የሚነገር ነው። አሁን ለምታምኚው አንድ ሰው ደውዪ፣ ቃሉንም ሳታለዝቢ ንገሪው፦ «መኖር ያስጠላኛል፤ ብቻዬን አትተወኝ።» አዲስ አበባ ከሆንሽ አማኑኤል ሆስፒታል ወይም የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ማንኛውም ሆስፒታል ሂጂ፤ በክልል ከሆንሽ በአቅራቢያሽ ያለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይቀበልሻል። አሜሪካ ያለሽ ከሆነ መኖር ላስጠላው ሰው በተዘጋጀው የእርዳታ መስመር 988 ደውለሽ አስተርጓሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ራስሽን ወይም ልጅሽን የምትጎጂበት መንገድ እየታየሽ ከሆነ ልጆቹን ለሌላ አዋቂ አስረክበሽ ወዲያው ውጪ። መድኃኒትና ኬሚካልም ከእጅሽ ይራቅ።

ጥያቄ፦ እኛ ሰፈር ያለን እናቶች ቡና እየጠጣን እንጫወታለን። ይሄ አይበቃም ወይ?
— እናት፣ ከሐዋሳ

መልስ፦ ከምታስቡት በላይ ቅርብ ናችሁ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ የቤልጅየም ጥናት የተሟጠጡ ወላጆችን በቡድን በቡድን ለ8 ሳምንት ሰበሰበ። በአንደኛው ዓይነት ቡድን ባለሙያው ዘዴ እያስተማረ መራ። በሌላው ዓይነት ምንም ሳይመክር በጥሞና አዳመጠ፣ ወላጆቹ እርስ በርስ ተነጋገሩ። ሁለቱም ሠሩ፤ መሟጠጡም፣ በልጆች ላይ የሚደርሰው ቸልታና ኃይልም፣ በፀጉር የተለካው ኮርቲሶልም ቀነሰ። መደመጥ ብቻውን ይህን ያህል ያደርጋል።

የቡና ጨዋታ ከዚህ የሚለይበት ማንም ተናግሮ ሳይጨርስ ሌላው ስለሚቀበለው ነው። ስለዚህ ደንብ አውጡ። ከ4 እስከ 6 ሰው፣ በሳምንት አንድ የታወቀ ቀን፣ 2 ሰዓት፣ ለ8 ሳምንት፣ ልጆች ሳይኖሩ። በአቦል ላይ እያንዳንዷ 7 ደቂቃ ታውራ፤ ማንም አያቋርጣት። በቶና ጥያቄ ይፈቀዳል፣ ምክር ግን አይፈቀድም፤ «እኔ ብሆን» የሚል ቃል ከወጣ ይቁም። «ያንቺማ ምን አላት፣ የኔን ብታዪ» የሚለውም እንዲሁ። በበረካ እያንዳንዷ በሚቀጥለው ሳምንት የምትቀንሰውን አንድ ሥራ ትናገር፤ በሚቀጥለው ቡና ትጠየቅበታለች። የተባለው ከቤቱ ከወጣ ቡድኑ አበቃ ማለት ነው፤ ይህን በመጀመሪያው ቀን ተማማሉበት።

አቀራረቡን በተመለከተ፣ ቡናና ቆሎ ብቻ። ዳቦ መድፋት፣ ወጥ መሥራት፣ ቄጤማ መጎዝጎዝ ከተጀመረ ተረኛዋ ከስብሰባው ዋዜማ ጀምራ ትደክማለች፣ በሦስተኛው ሳምንትም «አልመቸኝም» ትላለች። ተረኛዋ ቤቷን ሳታጸዳ ትቀበላችሁ፤ ከደንቦቹ ሁሉ ቀድሞ የሚፈርሰው ይህ ስለሆነ ሲኒውን የምታጥበውም ሌላ ሴት ትሁን።